ከኤላው በላይ የተፎከረ ፉከራ

ከቢቸና እስከ ሞጣ እኔን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የገባ እንግዳ ነው። መምህር ፊት ተቀምጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ጨውና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የተማሩት ልጆች ስለ ኦጋዴን የሚጽፉት ካርታ ዘርግተው ነው። እኔ የምጽፈው በደረቴ የተኛሁበትን መሬት ነው።

በአብዮቱ ዘመን የሶማሊያ ጦር ወሰን ተሻግሮ ሲገባ ለሚሊሺያ ተመለመልን። ቢቸናንና ሞጣን በአንድ ሻምበል ደባለቁን፤ ይህን ያዘዘ ሰው ጎጃምን አያውቅም። ገና መኪና ላይ ሳለን መሰዳደብ ጀመርን። የሞጣው ታፈረ ቁመቱ ረጅም ነው፣ አፉ ደግሞ ከቁመቱ ይረዝማል።

«እናንተ ቢቸናዎች ለወሬ ነው የመጣችሁት» አለን።

«አንተ ስትሸሽ መንገድ ልናሳይህ ነው» አልኩት።

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ከኤላው በላይ ያለችውን ጉብታ ይዘን የወገን ጦር እስኪደርስ አለመልቀቅ። ኤላ የሚሉት የውሃ ጉድጓዳቸውን ነው። በዚያ በረሃ ሌላ ውሃ የለም። እሱን ያጣ ጦር ሳይተኮስበት ያልቃል።

ከኤላው ዳር አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ማረክን። የሐረርጌ ተወላጅ የሆነው አሥር አለቃችን አስተረጎመ።

«የምትጠጡት የአባቴን ውሃ ነው» አለ ሽማግሌው። «እንግሊዝና ጣሊያን አገራችንን እንደ ሥጋ ሲከፋፈሉ፣ ለእናንተም ድርሻ ሲወጣ፣ እኛን ማን ጠየቀን?»

«መሬቱ የኢትዮጵያ ነው» አልኩት።

«የአንተ ውሃ የት ነው?»

«ቢቸና።»

«ታዲያ እዚያው አትጠጣም?»

ታፈረ ሳቀብኝ። አፈሙዙን ሽማግሌው ደረት ላይ ደገንኩ። አሥር አለቃው ክንዴን ይዞ መለሰኝ።

ጎህ ሲቀድ የሶማሊያ ወታደሮች መጡ። አስጠግተን ተኮስን። ወደቁ። የቀሩት አፈገፈጉ። ታፈረ ቁልቁል ወርዶ የመትረየስ ተኳሻቸውን ገደለና መትረየሱን ተሸክሞ ወጣ። እኛ አገር ገዳይ ሳይፎክር አይቀመጥም። መትረየሱን አስቀምጦ ጉብታዋ አናት ላይ ቆመ።

«ዘራፍ፣ የሞጣው! ቢቸና የት አለ?»

አጠገቤ የነበረው የቢቸና ልጅ ሊመልስለት ብድግ አለ። ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት።

«ልቀቀኝ! ዝም ብለን ልንሰደብ ነው?»

«እንሰደብ። ተኛ።»

ሞርታር መጣ። አንዱ አለፈን። ቀጣዩ ልክ ታፈረ የቆመበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሌሎቹም ተከታትለው ምሽጋችን ላይ ወረዱ።

ሽማግሌው ከተቀመጠበት አንድ ነገር ተናገረ። አሥር አለቃው ሳይወድ አስተረጎመ፤ «ያላችሁበትን እኔ አልነገርኳቸውም። ያ ፎካሪው ነገራቸው።»

እንደገና መጡብን። ታፈረ ያመጣውን መትረየስ እኔ ያዝኩ። ከእኔ የተሻለ ተኳሽ በዚያ ሻምበል አልነበረም፤ የሚጠራጠር ቢኖር በሕይወት ያሉትን ይጠይቅ። እኩለ ቀን ላይ የወገን ጦር ደረሰ። ከሞጣ ሰባት፣ ከቢቸና አራት ሰው ቀበርን። ጉድጓዱ አንድ ነው። ሽማግሌውን ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ሲሄድ ዞሮ ያየው ኤላውን እንጂ እኛን አልነበረም።

ያደረግሁትን እነሆ፤ ጉብታዋን አላስነጠቅሁም። ኤላውን አላስነካሁም። የቢቸናውን ልጅ በቀበቶው ጎትቼ አትርፌአለሁ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ስመለስም የታፈረን መርዶ ሞጣ ድረስ በእግሬ አድርሻለሁ። አባቱ አላለቀሱም።

«ገድሏል?» አሉኝ።

«ገድሏል።»

«ፎክሯል?»

«ፎክሯል።»

«ከእናንተ ከቢቸናዎች የመለሰለት አለ?»

«ማንም አልመለሰለትም፣ አባባ» አልኳቸው።