ለጣና የያዝኩት መድኃኒት

ጎንደር፣ ንጋት 12 ሰዓት

የኅዳር ብርድ አጥንቴን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከሥጋዬ ማነስ የተነሣ አይቸገርም። በጀርባዬ የመድኃኒት መርጫ፣ በቦርሳዬ አንድ ሊትር ፀረ አረም ይዣለሁ። ጡረታ የወጣሁ የግብርና ሠራተኛ ነኝ፤ መውጣቴን ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። የድሮ ተማሪዬ ገበሬው ታከለ፣ እምቦጭ የጣናን ዳር ዘግቶ በሬዎቹ መጠጫ እንዳጡ፣ ዛሬም ደቦ እንደጠራ በስልክ ነገረኝ። ደቦ ምን ያደርጋል ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር ሐይቁን ላክም ተነሣሁ።

የሚኒባሱ ረዳት መርጫውን አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄ ለብቻው ይከፍላል» አለኝ። ከሱ እኔ እንደምቀልል ተከራከርኩ። አልሰማኝም።

ማክሰኝት፣ 1 ሰዓት ተኩል

ገበያ ነው፤ ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ የሚጎተቱ በጎች፣ አቧራ። አንድ እስር የሽምብራ እሸት ገዝቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። በቀሩት ጥርሶቼ እስከ ጣና ድረስ አልጨረስኩትም።

ጣና ዳር፣ 4 ሰዓት

ውኃው አይታይም። አረንጓዴ ሜዳ፣ በላዩ ሐምራዊ አበባ፤ ተንኮሉን ባላውቅ ሸጋ ነው እል ነበር። የታከለ ሁለት በሬዎች ጭቃው ላይ ቆመው የማይደርሱበትን ውኃ ያሸታሉ።

ታከለ ትከሻዬን ስሞ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን የፀረ አረም ጠርሙስ አየ። መርጫዬን ስታጠቅ ቤቱ ገብቶ በእንጨት ላይ የታሰረ፣ የነጣ ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ።

«አያ፣ ጤፍ ላይ መድኃኒት ስንረጭ ከብት እንዳይገባ ጥጉ ላይ ቀይ ጨርቅ ትከሉ ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ባሕሩ ላይ በየት በኩል ልትከለው? ዓሣው ጨርቁን አይቶ ይመለሳል?»

አፌ ውስጥ የቀረችውን ሽምብራ ዋጥኩና መርጫውን ከጀርባዬ አወረድኩ። ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንዱ ሰምቶ ኖሮ በራሴ ትምህርት ረታኝ። እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

መንደሩ እስከ ወገቡ ውኃ ገባ። ወጣቶቹ አረሙን በመንሽ ይጎትታሉ፤ ሴቶቹ ተቀባብለው ከዳሩ ርቆ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ይከምራሉ። እኔም ገባሁ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሁለተኛው ከአረሙ ጋር ሊከምሩኝ ነበር። ከቀትር በኋላ ለአንድ በሬ የሚበቃ በር ተከፈተ። የመጀመሪያው በሬ አፉን ነክሮ ሲስብ ሁሉም ሥራውን አቁሞ አዳመጠ።

ተመልሶ እንደሚዘጋ ለታከለ ነገርኩት። «እኛም ተመልሰን እንነቅላለን» አለኝ።

መመለሻ፣ 10 ሰዓት

ጠርሙሱ ሳይከፈት ተመለሰ። ታከለ ቀዩን ጨርቅ መርጫዬ ላይ አሰረልኝ። የጠዋቱ ረዳት ማክሰኝት ላይ አግኝቶኝ ጨርቁ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ያስተማርኩት ገበሬ የሸለመኝ ነው» አልኩት። የመርጫውንም ሒሳብ ሳልከራከር ከፈልኩ።