ዮሐንስ ያለበት ወርቅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ባሌም አያውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ዌስተርቪል የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ቤታቸው ተቀጥሬ እንከባከብ ነበር። አሜሪካዊ ናቸው፤ እኔ ግን ጋሼ እላቸው ነበር፣ ወደውታል። ፍሎሪን የሚባል አንድ ጥንታዊ የወርቅ ሳንቲም ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ቁርሳቸውን ሳቀርብ ግድግዳው ላይ ያለውን የአውሮፓ ካርታ በጣታቸው እየተከተሉ መንገዱን ያስተምሩኛል። ከፍሎረንስ ወጣ፤ ነጋዴዎች ፈረንሳይ አደረሱት፤ ሰው ሁሉ አመነው፤ ከዚያ የአራጎንና የሃንጋሪ ነገሥታት አስመስለው አስቀረጹት። የእሳቸው የሃንጋሪው ነበር። በአንድ በኩል አበባ፣ በሌላው መጥምቁ ዮሐንስ አለበት። "ስሙን በየራሳቸው ቀየሩት እንጂ ዮሐንስን አልነኩትም" ይሉኛል።

እኔ የሰማሁት ዮሐንስን ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅ ስለምን ኖሬያለሁ። ቤት ስንገዛ ትንሿን ክፍል ገና ሳንገባ የልጅ ብለናት ነበር፤ እስከ ዛሬ ባዶ ናት። ኤልሳቤጥ በስተርጅና የወለደችው እሱን አይደል? አንድ አርብ ሳንቲሙን ከሚያስቀምጡበት ሣጥን አነሣሁ። በጨርቅ ሰፍቼ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሰኞ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ሲደርስ ግን ማውረድ አቃተኝ።

ጋሼ ሳንቲሙ የት ገባ ብለው ጠየቁኝ። "ለልጅዎ ሰጥተዋታል እኮ፣ ረሱት እንዴ?" አልኳቸው። ሳንቲሙ ደረቴ ላይ እየሞቀኝ ነው የዋሸሁት።

ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ አልሰጠኸኝም አለች። ሰጥቼሻለሁ ብለው ተከራከሯት። ሰግታ ካለችበት ከተማ መጣች፣ ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ "ይረሳል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ንጉሥ በየተራው የሚያስታውሱ ሰው! ከአንገቴ አውጥቼ ማሳየት አልችልም ነበር? እችል ነበር። እኔ ግን አዎ አልኩ።

በወሩ ቤቱ ለሽያጭ ወጣ፣ እሳቸውም አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ዕቃ ሲታሸግ ሳንቲሙን ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት። ልጃቸው አገኘችውና አለቀሰች፤ የአባቷ አእምሮ በቃ እንደከዳቸው እርግጠኛ ሆነች።

ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካርታው የለም። እጄን ይዘው፣ "ሰጥቻት ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ መልሳው የረሳችው እሷ ናት። አንቺ እኔን አትዋሺኝም" አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጋሼ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ልጅም አልመጣም። አሁን ልጅ ስናፍቅ እሳቸውንም እናፍቃለሁ፤ ያ ጣት ካርታው ላይ ሲሄድ፣ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው ይብሉ እንጂ ስላቸው። ልጅ ናፍቆኝ ነው ያደረግኩት እያልኩ ራሴን ሳባብል ከርሜያለሁ። ልጅ የናፈቀው ስንት ሰው አለ፤ የሰው አባት ከቤቱ አላስወጣም። እኔ አስወጣሁ።