የአዱኛ ጫማ

ከዳባት ወደ ደባርቅ እንድንጠጋ የታዘዝነው ከሰዓት በኋላ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ በላይ ያለውን ጉብታ ያዝን። ረፋዱ ላይ መድፍ ይወርድብን ጀመር፤ እስከ ቀትር አላቆመም። እኔ የሻምበሉ ጤና ረዳት ነበርኩ። ቁስል ማሰር ተምሬያለሁ፤ ቁስል የሌለበትን ሰው ምን እንደማደርገው ግን ያስተማረኝ የለም።

ወታደር አዱኛ የበየዳ ልጅ ነበር። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው በዚያ ቀን ወደቀ፤ እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። ከምሽጉ አውጥተን ስናስቀምጠው ዓይኑ ተከፍቷል፣ ሰውየው ግን የለም። ቢጠሩት አይሰማ፣ ቢቆነጥጡት አይሸሽ። የሻምበሉ አዛዥ «አስመሳይ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ እንደ ከዳተኛ አስረክበዋለሁ» አሉ። በከዳተኛ ላይ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወደ ኋላ ለሐኪሞቹ መልእክት ብሰድ የእንቅልፍ ክኒን ላኩልኝ። ዓይኑን ከፍቶ ለተኛ ሰው የእንቅልፍ ክኒን! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ክኒኑን ትቼ ውሃ አሞቅሁ። በአገራችን መንገድ ያደከመው እንግዳ እግሩን እንደሚታጠበው፣ ጫማውን አውልቄ አጠብኩት። ተረከዙንና ውስጥ እግሩን ጫን ጫን እያደረግሁ አሸሁት። ድንገት እግሩን ሰበሰበ።

«ኧረ ይተዉ አስር አለቃ፣ እንዴት እርስዎ ያጥቡኛል?»

ታላቁ ዝቅ ብሎ እግሩን ሲያጥበው ዝም ማለት በበየዳ ሰዎች ዘንድ ነውር ነው። ገላው ያንን አልረሳም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ባዶ እግሩን ቀዝቃዛው መሬት ላይ አቆመዋለሁ። መሬቱ ይሰማህ እንደሆነ ንገረኝ እለዋለሁ። ይቀዘቅዛል ካለኝ፣ ልቡ ከእኛ ጋር አለ ማለት ነው። ውሎ አድሮ፣ ልቡ ሊጠፋበት ሲል ራሱ ጫማውን ማውለቅ ለመደ። በሌሎች ሁለት ልጆችም ሞከርኩት፤ አንዱን ረዳው፣ ለሌላው ምንም አልፈየደለትም። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እንድመረምረው ጊዜ ብለምን አዛዡ ሳቁብኝ፤ እግር እያጠብህ ጦር ሜዳውን የሰርግ ቤት አደረግኸው አሉ። አሁን ይህን ሕመም በገላ በኩል የሚያክሙ የተማሩ ሐኪሞች አሉ ሲባል ስሰማ ደስም ይለኛል፣ እናደዳለሁም።

ቅዳሜ ስም ሲጠራ አዱኛ «አቤት» አለ። ደስታዬን አልሸሽግም፣ ዕንባዬ መጣ። አዛዡም ድኗል፣ ወደ ጉብታው ይውጣ አሉ። ገና ነው፣ እየመጣ እየሄደ ነው ብዬ ተሟገትኩ።

«አቤት ያለ ሰው ይዋጋል» ብለው ዘጉኝ።

እሑድ ማለዳ እንደገና ተመታን። ጉብታውን ለቀቅን፣ መልሰን ያዝን። ፀሐይ ሳትበረታ ውጊያው አለቀ። ዘጠኝ አስከሬን አወረድን፤ ከዘጠኙ አንዱ አዱኛ ነበር። እግሩ ባዶ ነው። ጫማው ምሽጉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

አዛዡ ጫማውን ሲያዩ ሊሸሽ ነበር አሉ። በዚያ ድንጋያማ ጉብታ ላይ የሚሸሽ ሰው ጫማውን አያወልቅም አልኳቸው። አዱኛ ያወለቀው እዚያው ከእኛ ጋር ለመቆየት ነበር።