ያለ ፈቃድ የተባዛ ድምፅ

የእህቴ ድምፅ ለብዙ ዘመን ከእሷ ተለይቶ ነው የኖረው። እሷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ድምፅዋ ከጎማ ጠጋኙ ቤት፣ ከሚያልፍ ታክሲ ወይም ከአንዱ ጎረምሳ ስልክ ተነስቶ ይመጣ ነበር፤ «ይህን ካሴት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው!» እሷ ቀና እንኳ አትልም። ጀርባዬን የሚበርደኝ እኔን ነበር።

በወጣትነቷ ሙዚቃ ቤት ሻጭ ነበረች። ያኔ አንድ ካሴት በወጣ ማግስት ገልባጮች አባዝተው በየመንገዱ ይቸረችሩታል። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ማስጠንቀቂያ ሊያስቀርጽ አስቦ አንድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ቀጠረ፤ ሰውየው ቀረ። እህቴ በዚያ ሰዓት ካሴት ኪሱ ውስጥ ሸጎጥ ሊያደርግ በነበረ ደንበኛ ላይ ታምባርቅ ነበር። ባለቤቱ ሰማና «ነይ አንቺ! ይሄንኑ ቁጣሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወደተሰቀለበት ጓዳ አስገባት። አንድ ጊዜ ተናገረች፤ አበቃ። ገልባጮቹ ቆርጠው እንዳይጥሉት ደግሞ ዘፈኑ መሐል፣ ሳክስፎኑ ብቻውን በሚያለቅስበት ቦታ ላይ ደረቡት።

ገልባጮቹ ከነቁጣዋ ገለበጡት። ሕዝቡም ወደደው። ጨፋሪው ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ ጣቱን ቀስሮ አብሯት ይጮህ ነበር። የሰፈሩ ሰውም ስሟን ትቶ «ክልክል» አላት። «ክልክል፣ እንደምን አደርሽ?» ሲሏት «መጠየቅም ክልክል ነው» ትል ነበር።

ልጇን ገና ጡት ሳታስጥል ማንቁርቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ፤ ድምፅዋን ግን አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ስስ ሻሽ ጣል ታደርግበታለች። የምትለውን ከከንፈሯ እያነበበች ጮክ ብላ የምትነግረን ልጇ ናት። ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ከካሴቱ በቀር ከየትም አታውቀውም። ስታድግ ካሴቱን እንዳለ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ጫነችው። አገር ምድሩ የእሷ ገጽ ላይ እየገባ ያዳምጠው ጀመር።

ባለፈው ዓመት የዚያ ካሴት ዘፋኝ ቤታችን መጣ። አርጅቷል፤ ደረጃውን የወጣው እየቆመ፣ እየተነፈሰ ነው። ኮቱ ግን እንደ ጥንቱ ተተኩሷል። አንድ አሳታሚ ዘፈኖቹን አጽድቶ፣ ማስጠንቀቂያውን አውጥቶ፣ በክፍያ ሊያወጣለት ተስማምቷል፤ በነፃ የሚሰማው ከልጅቷ ገጽ ወርዶ ከጠፋ ብቻ።

«ጋሼ፣ ሰው ረስቶዎት ነበር እኮ» አለችው የእህቴ ልጅ። «ያስታወሰዎት እኔ በነፃ የጫንኩት ነው።»

«አስታወሰኝ፤ እግዜር ይስጠው። የታክሲው ሾፌር ዘፈኔን ከፍቶ ‹ጋሼ፣ አሉ እንዴ!› ይለኛል። ስወርድ ሂሳብ ይቀበለኛል። ለጎማው ይከፍላል፣ ለነዳጁ ይከፍላል፤ እኔ ብቻ ነኝ እንደ አየር በነፃ የምሳበው። ጭብጨባ መድኃኒት አይገዛም፣ ልጄ።»

«የሚሰማዎት ሁሉ ሀብታም መሰለዎት? ካስከፈሉት አይሰማዎትማ!»

«አይስማኝ! ያልሰማኝ ሰው አልዘረፈኝም።»

እህቴ ሳቀች። ሳቋ ትከሻዋ ላይ ብቻ ነው የሚታየው።

«ካሴቱ እጃችሁ ላይ አይደል?» አለ ዘፋኙ ረጋ ብሎ። «የእናትሽ ድምፅ ሲያምርሽ እቤትሽ ስሚው። ማን ከለከለሽ?»

«እቤት ቁልፍ ተጭኜ የምሰማው የሙት ድምፅ ነው። ታክሲ ውስጥ ሳላስበው ሲመጣብኝ ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ይመስለኛል። ዞር እላለሁ፣ ጋሼ። ይኸው ትልቅ ሰው ሆኜም ዞር እላለሁ።»

ዘፋኙ ወደ እህቴ ፊቱን መለሰ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ድምፁ ያንቺ ነው።»

እኔ ከእህቴ ኋላ ስለተቀመጥኩ ከንፈሯን አላየሁም። ያየሁት የልጅቷን ፊት ነው። እያነበበች ሳለ ዐመድ መሰለ።

«አይወርድም ትላለች» አለች።

እህቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ልጅቷ አቀረቀረች። እህቴ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻትና እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተናገረች። ለእኔና ለዘፋኙ የሚሰማን የትንፋሿ ፉጨት ብቻ ነበር።

«ንገሪው እንጂ፣ ልጄ» አልኳት።

«ዋሽቼ ነው፣ ጋሼ» አለች። እንባዋ መጣ። «‹ክልክል ነው ያልኩት ለሱ ብዬ ነበር፤ በገዛ ድምፄ አታሰርቂው› ነው ያለችኝ። አውርጂው ትላለች።»

ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተች። አውራ ጣቷ ግን ማጥፊያው ላይ ሊደርስ ሲል ይመለሳል። እህቴ ስልኩን ከእጇ ወሰደችና ራሷ ተጫነችው።

ዘፋኙ ሊያመሰግን ተነሳ፤ ግን ቆሞ ቀረ። እህቴ ባዶውን ገጽ እያየች ነበር። ከሻሹ ሥር አንድ ስስ ፉጨት ወጣ፤ ሻሹ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

«አሁንስ ምን አለች?» ብሎ ልጅቷን በሹክሹክታ ጠየቃት።

ልጅቷ የእናቷን ከንፈር ብዙ አየችው።

«ምንም አላለችም» አለችው። «ትንፋሿ ነው።»