ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ሰውን ምግብ ብትጋብዘው ባይወደውም ጨዋ ከሆነ ይጎርሳል። ሙዚቃ ስትጋብዘው ግን ጨዋነቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራልሃል። ይህን የተማርኩት በደርግ ማብቂያ ዓመታት፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ ካሴት በቦርሳዬ ይዤ ከቤት ቤት ስንከራተት ነው። ታይፒስት ነበርኩ፤ ገና ወጣት፣ ምላሴ ከታይፕ ማሽኔ የሚፈጥን።

ካሴቱን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሞተር ሳይክል ያመጣል፣ ፍሪጅ ያመጣል። የኛ ሰው አንድ የዝናብ ካፖርትና አንድ ሻንጣ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ካሴቱ መጽሐፎቹ መሀል ተወሽቆ ነበር፤ የዶርም ጓደኛው ሲሸኘው የሰጠው ነው፤ እሱ ራሱ ሰምቶት አያውቅም። «ተራማጅ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው የሚሉት» ብሎ ወረወረልኝ። ያኔ ተራማጅ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ገበሬው ተራማጅ፣ ደራሲው ተራማጅ፣ ቆሞ የሚያንቀላፋው የቀበሌያችን ዘበኛ እንኳ ተራማጅ ነበር፤ ስለዚህ ሙዚቃም ተራመደ ቢሉኝ አልገረመኝም።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት። መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መሰለኝና በመዳፌ ሁለቴ መታሁት። ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ከጉምጉምታው ሥር አንድ ትንሽ ምት ብቅ አለች፤ ቀስ፣ ቀስ እያለች ሌላ ምት ጎተተች። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ክራር የለም። አንዱ ዜማ የካሴቱን አንድ ፊት ሙሉ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሬዲዮው ሲነግረኝ፣ ስብሰባው ሲነግረኝ፣ አለቃዬ ሲነግረኝ ነበር የምውለው፤ ይሄ ግን ምንም አልነገረኝም፣ ምንም አድርጊ አላለኝም። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ለብቻ መያዝ ደግሞ አይሆንልኝም። መጀመሪያ እናቴን አስቀምጬ አሰማኋት። ሽሮዋን እያማሰለች ታግሳ ሰማችና፣ «ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። አይገባም አልኳት። «ታሟል?» አለች። ቀጥሎ አብራኝ የምትሠራ የሳንሱሲ ልጅ ለቅዳሜና እሁድ ወሰደችው። ሰኞ አዝና መለሰችልኝ። «ካሴትሽ ተበላሽቷል የኔ እህት። ባለቤቴ በእስክሪብቶ ጠምዝዞ ሊያስተካክልልሽ ስንት ደከመ መሰለሽ» አለችኝ። ምን ልበላት? አመሰገንኳት።

የሰፈራችን ሻይ ቤት ባለቤት ደግሞ በአንድ ደቂቃ ነው የገላገሉኝ። ቡታጅራ ተወልደው ኮልፌ ያረጁ፣ ሶላታቸውንም ቀልዳቸውንም የማያጓድሉ ሰው ነበሩ፤ እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጆሯቸውን አስጠጉና፣ «ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ካሴቱን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ደንበኞቹ ሳቁብኝ፤ እኔም ሻይዬን ጥዬ ወጣሁ።

ያመሰገነልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰፈራችን አስተማሪ። ወር ሙሉ ይዞት ከረመና ሲመልስልኝ አገጩን ይዞ፣ «ጥልቅ ነው» አለኝ። «በተለይ መሀሉ ላይ እንባዬ መጣ።» የትኛው መሀል ብዬ ብጠይቀው፣ «መሀሉ ላይ» አለኝ። ሰው የተጠማ ምን ያደርጋል፣ አመንኩት። ቢያንስ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ለወንድሜ ሳይቀር ነገርኩት።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ፤ ነገሩ የሆነው እዚያ ነው። ሻይ ቤቱ ከቀበሌው በር ፊት ለፊት ነበር። ከሻይ ቤቱ በር በላይ ወደ መንገዱ የዞረ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ጋሼ ጠዋት ዜናውን፣ ቀን ዘፈኑን በሱ ይለቁታል። ሰፈሩ አዋጅም ሆነ የሞት ዜና የሚሰማው ከዚያ ማጉያ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ማጉያው ዝም አለ። የጋሼ አንድ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው፣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊያመጣ ወጥቶ ሰልፉ ላይ ታፈሰ። ብሔራዊ ውትድርና። ከሌሎች የሰፈር ልጆች ጋር ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆለፉበት። መኪናው ዛሬ ወይ ነገ መጥቶ ይጭናቸዋል ተባለ። ጋሼ ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር በካኪው ተወጥሮ መጣ። ዕድሜው የጋሼ ልጅ ሊሆን ምንም አይቀረው።

«አንተ! ማጉያህ ለምን ተዘጋ? ልጅህ የእናት አገር ጥሪ ቢደርሰው ልቅሶ ተቀመጥክ ልበል?»

«እከፍታለሁ ጓድ» አሉ ጋሼ።

እሱ ሲወጣ የካሴት ሳጥናቸውን አወጡ፤ አንዱን ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። «ልጄ እዚያ ተቆልፎበት እኔ እዚህ ዘፈን! አልችልም» አሉ። አንጀቴን በሉት። እጄ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም። ማንም አይዘፍንበትም» አልኳቸው። አዩኝ፤ ካሴቱን አዩት፤ ወስደው ከፈቱት። እንዲህ ሆኖ ሙዚቃዬ ኮልፌ አደባባይ ወጣ። እኔም ባንኮኒው አጠገብ እንደ ሙሽራ እናት ፊቴን አብርቼ ቆምኩ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። በኛ አገር ሬዲዮው ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው ከባድ ሙዚቃ ከለቀቀ፣ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ሰው ወርዷል። መጀመሪያ አጣና የተሸከመ ሰው ከነሸክሙ ቀጥ አለ። ከዚያ መንገዱ እያለ እያለ ጸጥ አለ። አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ «ጃንሆይ የወረዱ ለትም እንዲሁ ሲል ነበር» አሉና አማተቡ። ይሄኔ አስተማሪው ከየት መጣ ሳይባል ማጉያው ሥር ቆመ። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ አዳመጠ።

«ሬዲዮ ነው» አለ ለሕዝቡ። «አዋጅ ሊነበብ ነው።»

የኔ አስተማሪ! ወር ሙሉ ካሴቴን ይዞ የከረመው፣ መሀሉ ላይ እንባዬ መጣ ያለኝ ሰውዬ! እርር ድብን አልኩ። ለካ አልከፈተውም! አንዴ እንኳ አልከፈተውም! «አንተ ቀጣፊ፣ ይሄ የኔ ካሴት ነው!» ልለው ስንደረደር ጋሼ እጅጌዬን ያዙ። እኔን አያዩም፤ ዓይናቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ የቀበሌው በር ላይ ተተክሏል። «ዝም በይ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ዞሬ አየሁ። የአብዮት ጥበቃዎቹ ከአግዳሚያቸው ተነስተዋል። ሊቀመንበሩ በር ላይ ወጥቶ አንገቱን አስግጓል። ሬዲዮ ከፍቶ እንዳያጣራ የቀበሌው ሬዲዮ «ለጥንቃቄ» ተብሎ እሱ ቤት ከገባ ዓመት አልፎታል። አስተማሪውን ጠራው።

«ምንድነው እሱ?»

«አዋጅ እየተጠበቀ ነው ጓድ።»

«የምን አዋጅ?»

«እሱንማ ሙዚቃው ሲያልቅ ነው የምናውቀው።»

አንዲት ጎረቤት ከግቢዋ እየሮጠች መጥታ፣ «ኧረ እኛ ቤት ሬዲዮው ዘፈን ነው የሚያጫውተው!» አለች። አሁን ያልቅለታል ብዬ ነበር። አስተማሪው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እንግዲያው ጣቢያው ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው» አይላትም! በቃ፣ መንገዱ ተተራመሰ። ባለሱቁ መዝጊያውን ወረወረው። የውይይት ታክሲው ሾፌር ተሳፋሪውን አራግፎ ወደ መጣበት ዞረ። ጨው የሚገዛው ጨው፣ ጋዝ የሚገዛው ጋዝ ይጮኻል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሙዚቃው የሚያምርበት ቦታ ላይ ደርሶ ስለነበር ዝም በሉና ስሙ ልላቸው ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ካኪው የለም። የዘበኛውን ጋቢ ተከናንቦ፣ በብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ነገር ወትፏል። ስጠጋ አየሁት፤ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሎ የነበረው የትልቁ ሰውዬ ፎቶ ነው። ሰውየው ወርዶ ከሆነ ይዞት መገኘት ጉድ ነው፤ ካልወረደም መጣሉ ጉድ ነው፤ አቅፎት ቀረ። መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመና እጅ ነሳ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

ጠዋት ተወልዶ ከሰዓት በኋላ ትሕትና ሲማር አየሁት!

«አልሐምዱሊላህ፣ ጓድ» አሉ ጋሼ።

«ጓድ አይበሉኝ እባክዎ። ልጅዎን የያዝኩት እኔ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ኮታ ከላይ ነው የሚመጣው። ሰው ቢመጣና ቢጠይቅዎ ይህን ይነግሩልኛል አይደል?»

ያን ጊዜ ካሴቱ አንዱን ፊት ጨረሰና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ጋሼ በባንኮኒው ላይ ወደ ሊቀመንበሩ ጎንበስ አሉ።

«ሊናገሩ ነው መሰለኝ» አሉት። «የተቆለፈ በር ይዘህ ባያገኙህ ይሻልሃል።»

ሰው በጋቢና በፎቶ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ አዳራሹ ጋ ደረሰ። ጋሼ በጀርባቸው ቴፑን ጋርደው፣ ካሴቱን አወጡና ገለበጡት። ጉምጉምታው እንደገና ጀመረ። ጥግ ላይ ቦምቦሊኖውን ይዞ የቀረ አንድ ደንበኛ፣ «ጋሼ፣ ሰውየው መቼ ነው የሚናገረው?» አላቸው።

«ዝም ብለህ ስማ!» ብለው ጮኹበት።

አዳራሹ ተከፈተ። ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ፣ እየተገፋፉ ወጡ፤ ከዚያ ማን ያስቁማቸው፣ በየቅያሱ ተበተኑ። የጋሼ ልጅ አባቱን በር ላይ አያቸውና ሊሻገር እግሩን አነሳ። ጋሼ የእጅ ፎጣቸውን ወደ አየር ጤና መንገድ አወናጨፉ፤ ሂድ፣ ወደ ዘመድ ሂድ። ልጁ ቆመ። ፎጣው እንደገና ተወነጨፈ። ያኔ እግሬ አውጪኝ አለ። አልተሳሳሙም። ጋሼ ገብተው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቆመው፣ ሁለተኛውን ፊት እስኪያልቅ ሰሙት።

ማታ በዜና ሰዓት ሬዲዮው ስለ ቡና ለቀማ ዘመቻ ተናገረ። የወረደ የለም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ካኪውን ተኩሶ ለብሶ ታየ፤ ፎቶውም ወደ ቦታው ተመልሷል። የአዳራሹ መስኮት ተሰብሮ ነበር፤ እስረኞቹ ሰብረው አመለጡ ተብሎ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ተጻፈ። ስብርባሪው ሁሉ ወደ ውስጥ ነበር የወደቀው፤ ማንም ለምን አላለም። በሩን በገዛ ቁልፉ መክፈቱን ሳይናገር እኛን መክሰስ አይችልማ። ሻይ ቤቱ ገብቶ፣ «አንተ! ትናንት የከፈትከው ምንድነው?» አለ። ጋሼ ቀና ሳይሉ እኔ ቀደምኩ፤ «ተራማጅ ሙዚቃ ነው ጓድ።» «ሁለተኛ እንዳይከፈት» ብሎ ወጣ። አስተማሪውም በሳምንቱ መንገድ ላይ ይዞኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለተኛው ፊት ይበልጥ ጥልቅ ነው።»

ጋሼን ካሴቱን ሲመልሱልኝ ወደዱት እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወላሂ አልወደድኩትም» አሉኝ፤ የሻዬን ግን ከዚያ ወዲህ አስከፍለውኝ አያውቁም። አሁን አርፈዋል። ልጃቸው ቤቴል ቀለምና ሚስማር ይሸጣል፤ ቦርጭ አውጥቷል። ባለፈው ለቤቴ ቀለም ልገዛ ሄጄ ሙዚቃውን በስልኬ ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። «ስማ፣ ከዚያ አዳራሽ ያወጣህ ይሄ ነው» አልኩት። ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው ሲለኝ የምመልስለትን ስድብ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

አላለኝም። የቀለሙን ቆርቆሮ መሬት አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ ውስጥ ሆነን ሰምተነዋል» አለኝ። «መኪናው መጥቶ ሞተሩን አስነስቶ የሚጠብቀን ነበር የመሰለን። አጠገቤ የነበረው ልጅ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። በሩ ሲከፈት ሊጭኑን ነው ብለን ነው የወጣነው።»

ያን ልጅ አውቀዋለሁ። ሰፈሩን አልለቅም አለና በሚቀጥለው አፈሳ ተይዞ ሄደ፤ አልተመለሰም።

«ካላስቀየምኩሽ አጥፊው» አለኝ።

ያንን ሙዚቃ ለማንም ብዬ አጥፍቼው አላውቅም። አጠፋሁት።