ጋቢ የለበሰው መለኪያ

የእኅቴ ልጅ ሞቶ በተወለደ ጊዜ ቤታችን ጥፋተኛ ፈለገ፤ አልትራሳውንዱን አገኘ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ በመጨረሻው ምርመራ «ልጁ ደህና አድጓል» ብላ ነበር። የተወለደው ግን ከሲታ ነው። «መሣሪያው አሳስቷት ነው» አሉ ሁሉም፤ እኅቴም በዚህ ተጽናናች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ።

ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ መፈተሽ ነው። የዚያ መሣሪያ ተራ ሲደርስ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ከአማኑኤል ወጣ ወዳለው ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እኅቴ በር ድረስ ሸኝታኝ «ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ።

አዋላጇ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ከስታለች። የእኛ ቤት ወሬ ደርሷታል፤ እሷም እንደኛው ተስፋዋን መሣሪያው ላይ ጥላለች።

መፈተሻዬ የሰው ሥጋ የሚመስል ጡብ ነው፤ በውስጡ ቀጫጭን ክሮች በታወቀ ርቀት ተወጥረዋል። መሣሪያው ያንኑ ርቀት ካሳየ ደህና ነው፤ ካላሳየ ተሳስቷል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የመሣሪያውን ድምፅ የሚያሳልፈውን ጄል ጡቡ ላይ ቀብቼ ለካሁ። አስረዘመ። ደገምኩት፤ አሁንም ርቀቱን ከእውነቱ አስረዘመ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን «ተሳስቷል» ለማለት ይበቃል። አዋላጇ ፊቴን አይታ «ተመስገን» አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከወራት በኋላ እኔም አንድ ነገር ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ እጄ ጡቡን ነካው። በረዶ ሆኗል። በሌሊቱ ውርጭ መኪናው ውስጥ አድሮ ነበር። ጡቡ ሲቀዘቅዝ መሣሪያው የሚልከው ድምፅ በውስጡ ይዘገያል፣ ርቀቱም ከእውነቱ የረዘመ ይመስላል። ቆላ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ይህ አይገጥማቸውም።

«ሲስተር፣ ጋቢ ይገኛል?»

ከተረኞች ክፍል አመጣችልኝ። ጡቡን ጠቅልዬ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ሁለታችንም የተጠቀለለውን እያየን ተቀመጥን።

ሲሞቅ እንደገና ለካሁ፤ ልክ ሆነ። አዋላጇ ጋቢውን አጣጥፋ ወጣች። ልጁ ከምርመራው በኋላ ማደጉን አቁሞ ይሆናል፣ የእሷም እጅ ስቶ ይሆናል፤ ይህን ጡብ አይነግረኝም። «ብቁ» የሚለውን ወረቀት መሣሪያው ላይ ለጠፍኩ።

ማታ ለእኅቴ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት፤ ቀዝቅዞ ማስረዘሙን፣ ሲሞቅ ልክ መሆኑን። 

«ወንድም ዓለም» አለችኝ፣ «ምን ብለህ አሞቅኸው?»