ኔፕቱን ላይ የቆመችው ልጅ

እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፕላኔቶች ሥዕል ሳይ ደሜ ይፈላል። ስምንቱም እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ውሸት ነው! እኔም ለሚ ኩራ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር ይህንኑ ውሸት ስንት ዓመት በዱላ እየጠቆምኩ አስተምሬአለሁ።

ነገሩን ያነሳችብኝ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቷ ሾላ ገበያ እህል ይሸጣል። አንድ ቀን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ርቀታቸው የእውነት እንዲህ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ታዲያ ለምን እንዲህ ይሳላል? ወረቀቱ ስለማይበቃ ነው አልኳት። «መንገዱስ አይበቃም?» አለች።

በቃ፣ ተያዝን። ፀሐይን የእግር ኳስ አደረግናት። በዚያ ልክ ስናሰላው ሜርኩሪ አንዲት ፍሬ ጤፍ ሆነች። ምድራችን፣ ይህቺ ስንት የምንባላባት ምድር፣ ከኳሱ ሃያ አራት ሜትር ርቃ የተቀመጠች አንዲት ፍሬ ሰናፍጭ ናት። ጁፒተር ብይ ሆኖ መቶ ሃያ ሜትር ላይ ወደቀ። ኔፕቱን ደግሞ ሽምብራ ናት፤ ኳሱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብናስቀምጥ እሷ ሰባት መቶ ሜትር አልፋ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት፣ አዲስ የሚሠሩት ፎቆች ጋ ትደርሳለች። ጥራጥሬውን ልጅቷ ከአባቷ ሱቅ አመጣች። አብረን በእርምጃ ለካነው፤ ስንመለስ እግሬ ዝሎ ነበር፣ እሷ ግን ትስቃለች።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። በሳይንስ ሥራ አንደኛ የወጣ ልጅ ቀጣዩን ዓመት በነፃ ይማራል። ለሌሎቹ ጌጥ ነው። የእሷ አባት ግን አስቀድሞ መጥቶ «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ ይህ ካልተሳካላት ከመስከረም ጀምሮ ወሎ አያቶቿ ጋ ሆና ትማር» ብሎኛል። እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ኔፕቱን ላይ ራሷ ልትቆም ተስማማን። «ዳኞቹን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት።

ሌሎቹ ወላጆች እንደ ልማዳቸው የልጆቻቸውን ሥራ አሠርተው መጡ። ይህ የታወቀ ነው፤ ልጅ ለአባቱ ይነግራል፣ አባት ለጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ይነግራል፣ ሱቁ ይሠራል፣ ልጁ ይሸለማል። ከቦሌ በመኪና ተጭኖ የመጣ የፎም ሥርዓተ ፀሐይ ነበር። ያብረቀርቃል፣ መሐሉ ላይ አምፖል አለው፣ ስምንቱም ኳሶች አንድ አንድ ስንዝር ተራርቀው ሽቦ ላይ ተሰክተዋል። ዳኞቹ ከበውት ፎቶ ተነሡ።

ከዳኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። «በሩ ላይ ያለው ኳስ ፀሐይ ነው፤ የቀረው ውጭ መንገዱ ላይ ስለሆነ እንሂድ» አልኩ። ዳይሬክተሩ ጫማውን አየ። «ቲቸር፣ ሰው እንዳይስቅብን! ሽምብራ ለማየት በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ሰው ላስኬድ?» ሁሉም ሳቁ። እኔስ? ምነው ያኔ አፌ በተሳሰረ፣ አብሬ ሳቅኩ! ከዚያ የውጤቱ ወረቀት ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። የፎሙ ልጅ አንደኛ ተብሏል። እንጀራዬ ታወሰኝና ፈረምኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ። መንገዱ አላልቅ አለኝ። ልጅቷ ቦታዋ ላይ ናት፤ ዩኒፎርሟ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፣ ሽምብራዋን ጨብጣለች። ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስታስረዳ ነው የቆየችው። ሲሚንቶ የሚያወርዱት የቀን ሠራተኞች «አንቺ ኔፕቱን፣ በረደሽ፣ ቤትሽ ግቢ!» እያሉ ይቀልዱባታል።

«ቲቸር፣ ዳኞቹስ?» አለችኝ፣ ከኋላዬ እየፈለገች።

«አይተውታል፤ በጣም ወደውታል» አልኳት። አይ እኔ!

ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ተመለከተች። ከዚያ በሩ እንኳ አይታይም።

«ከየት ሆነው?» አለችኝ።

በመስከረም ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ የእሷ ስም መዝገቡ ላይ አልነበረም።